የካክተሱ ጾም

ካክተስ እንደ ሰው ነው የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ሰው ከወገቡ ቢቆረጥ ይሞታል፤ ካክተስ ከወገቡ ቢቆረጥ ሁለት ይሆናል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ችግኝ ጣቢያ፣ የካክተስ ክፍል ውስጥ እሠራ ስለነበር ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ እግዜር ይወቀው። ጓንት አጥልቄ፣ መጋዝ ይዤ ስቆርጥ እውላለሁ። የቆረጥኩት ይደርቃል፣ ይተከላል፣ ሥር ያወጣል፣ መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ፍቅርም ጥላቻም አልነበረኝም። ሥራ ነው።

የምንኖረው ግን ኦክላንድ ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ እና የባለቤቴ እናት። ጠዋት ጠዋት እስከ ፍሪሞንት በባቡር፣ ከዚያ ሳን ሆዜ ድረስ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። "እሾህ ለመንካት ይሄን ሁሉ መንገድ?" እያለ ይቀልድብኛል። እኔም "አንተ ሰካራም ከምትጭን ይሻላል" እለዋለሁ። ማታ ስመለስ እጄ ላይ የቀረውን እሾህ በወረንጦ የሚያወጣልኝ ግን እሱ ነው።

ቤቱ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ ፎቁን እኛ ተከራይተናል፣ ምድሩ ላይ አከራያችን ትኖራለች። ባሏ የሞተባት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ናት፤ ጉልበቷ ደከም ያለ፣ ምላሷ ግን ምንም ያልሆነ። ጓሮዋ ውስጥ አንድ ካክተስ ነበራት። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ብቻ የሚያድግ ዓይነት ነው፤ ጫፉ የእኛን የወጥ ቤት መስኮት ደርሶ ነበር። የተከለው ባሏ ነው፤ ቤቱን በገዙ ሰሞን፣ ክንድ ከማታክል ቁራጭ ጀምሮ። በበጋ ፀሐይ ስትጠልቅ ትልልቅ ነጭ አበባ ይከፍታል፣ ጠዋት ተኮማትሮ ይገኛል። አበባው በሚከፈትበት ቀን ሰውየው ጓሮ ሁለት ወንበር ያወጣ ነበር አሉ። እሱ ከሞተ በኋላ አንዱን ብቻ ስታወጣ እኔም አይቻታለሁ።

እዚያ አገር ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። አንድ ዓመት ከገና በኋላ ዝናቡ አልቆም አለ። መሬቱ ጨቀየና ካክተሱ ከነሥሩ ተነቅሎ አጥሩ ላይ ተጋደመ። ወርጄ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ዝናቡ ለመጨረሻ ጊዜ ገፋ አደረገው እንጂ እግሩስ ከበሰበሰ ቆይቷል። አሮጊቷ ከሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች።

"አንቺ ሥራሽ ይሄ አይደል?" አለችኝ።

"ነው።"

"ይድናል?"

"ይሄ አይድንም። ከላይኛው ክፍል ቆርጬ እንደ አዲስ ልተክልልሽ ግን እችላለሁ።"

"ልጁን ማለት ነው?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አፌ ያመጣብኝ። "ልጁ የሚባለው ከዘር ሲበቅል ነው። ከግንዱ ተቆርጦ የሚያድገው ራሱ ነው፣ ያው ተክል ነው" አልኳት። ለእኔ የሥራ ወሬ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምንለው። እሷ ግን ጃንጥላዋን ዝቅ አድርጋ የወደቀውን ግንድ አየችው።

"እሱ በእጁ የነካው ማለት ነው" አለች።

ከዚያ የሆዷን ነገረችኝ። ሳን ሆዜ ያለው ልጇ ቤቱን ሊሸጠው ነው፤ እሷንም ወደ ራሱ ቤት ይወስዳታል፣ ሜይ ላይ። ካክተሱ ወደቀ ብላ ጠዋት ኮል ስታደርግለት "ለሱ ነው እንዴ፣ እዚህ ሱቅ ሞልቷል፣ እገዛልሻለሁ" ብሏታል። "ሱቅ ያለውን አባቱ አልተከለውም" አለችኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ስትሄድ ይዛው የምትሄደው፣ ሥር የያዘ አንድ ቁራጭ። እኔም ባለሙያ ነኛ፣ ደረቴን ነፍቼ "ምን አንድ ብቻ፣ ሦስት እሰጥሻለሁ" አልኩ።

አቆራረጡ ከባድ አይደለም። ከበሰበሰው በኩል ተጀምሮ፣ መሃሉ ላይ ያለው ቡናማ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ እየተቆራረጠ ይጣላል። መጋዙ በየመሃሉ በአልኮል ይጠረጋል። ጤነኛው ሥጋ እንደ ኪያር ውስጥ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ከረጅሙ ግንድ ደህና ሆኖ የተገኘው ከጫፉ በኩል ያለው ብቻ ነበር፤ ሦስት ጥሩ ጥሩ ቁራጭ ወጣው።

የባለቤቴ እናት ከፎቅ መስኮት ሆነው ያዩኝ ነበር። እማማ ነው የምላቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ የሚወርዱት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ብቻ ነው። "ልጄ፣ ዓይንሽን ተጠንቀቂ፣ የቁልቋል ወተት ያሳውራል" አሉኝ።

"እማማ፣ ይሄ ቁልቋል አይደለም፣ ወተትም የለውም።"

አላመኑኝም። ቁራጮቹን ታቅፌ ስገባ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሳብ አድርገው አሳለፉኝ።

የተቆረጠበትን ቦታ እንዳይበሰብስ ድኝ ነስንሼ፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ ጥግ አቆምኳቸው። ቁስሉ እንደ ተረከዝ እስኪደርቅ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። እማማ በአጠገባቸው ባለፉ ቁጥር ይገረማሉ። "እኛ አገር እኮ ቁልቋል ይቆረጣል፣ አጥር ላይ ይሰካል፣ በቃ ይጸድቃል። እነዚህ ምን ቢሆኑ ነው እንደ በሽተኛ ጥግ ይዘው የሚታመሙት?" ይላሉ። ሲደርቁ ጠጠር በበዛበት ደረቅ አፈር፣ በሸክላ መትከያ ተከልኳቸው። ውጭው ዝናብ ስለሆነ ሳሎን፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ደረደርኳቸው። ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ እሱም ምንም አለመሥራት ነው። ሥር የሌለው ነገር ውሃ አይጠጣም። ውሃው በቁስሉ ይገባና ያበሰብሰዋል። ደረቅ ሲሆንበት ነው ተክሉ ሥር የሚሰደው። ይህን ለባለቤቴም ለእማማም ነግሬያለሁ፤ እነሱም እሺ ብለዋል።

ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ከእግሩ ለሰለሰ። በጣቴ ስነካው እንደ በሰበሰ ሙዝ ወደ ውስጥ ገባ። አወጣሁትና ጣልኩት። ያጋጥማል። አሮጊቷ የደረጃውን እንጨት እየተደገፈች ወጥታ "የኔ ሰዎች እንዴት አደሩ?" ትለኝ ነበርና የሆነውን ነገርኳት።

"ሁለት አሉ አይደል" አለች፣ እኔን እንደማጽናናት። ሁለቱን በየተራ አይታ ወረደች።

ሁለተኛው ሲለሰልስ ግን ደሜ ፈላ። ሥራ ቦታ እልፍ ተክዬ የማይበሰብስብኝ ሴትዮ ቤት ስገባ ምን ነካኝ? አፈሩን ጫር ሳደርገው እርጥብ ነው። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ነገር የማያበዛ ሜክሲኳዊ ነው።

"ውሃ አጠጥተሽዋል" አለኝ።

"ጠብታ አልሰጠሁትም።"

"እንግዲያው ሌላ ሰው ሰጥቶታል።"

"ቤቴ ውስጥ እሱን የሚነካ የለም።"

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሥራው ዞረ። እኔም ጣሪያው ነው የሚያፈሰው ብዬ ደመደምኩ። ለአሮጊቷ ስነግራት አፈረች፤ ልጇ ላይ ጮኸችበት መሰለኝ፣ ወዲያው ሠራተኛ ተላከ። ሰውየው ጣሪያው ላይ ሲያንጓጓ ውሎ፣ ወርዶ "ከዚህ የተሻለ ጣሪያ በሰፈሩ የለም" አለን።

ሁለተኛው እንደሞተ ለአሮጊቷ ቁርጡን ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን መውጣት ተወች። ጉልበቷ ነው አልኩ ለራሴ። ነገር ግን ጓሮ ስትወጣ አያታለሁ፤ ካክተሱ ቆሞበት የነበረውን ባዶ ቦታ ትዞረዋለች፣ ወደ እኛ መስኮት ቀና አትልም። ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ባቡር ላይ ሆኜ እንኳ ይሄ ነገር ይበላኝ ጀመር።

ቅዳሜና እሑድ ስለምሠራ ኦፍ የምሆነው ሰኞ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ እማማ መስኮቱ ጋ ቆመው ጸሎታቸውን እየጨረሱ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በጀሪካን የሚያመጡትን ጠበል ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ኩባያ ይጠጣሉ፤ ይሄን አውቃለሁ። የማላውቀው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ኩባያውን በትንሽ ውሃ አለቀለቁ፣ አማተቡ፣ ጎንበስ አሉና እጣቢውን የመጨረሻው ቁራጭ ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱት። "እደግ" አሉት። ኩባያውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ፤ እኔ በር ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ይሄን እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አገር ቤት ቢሆን ጓሮ አለ፣ የዛፍ ሥር አለ። እዚህ ፎቅ ላይ ግን ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል፤ እሳቸው ደረጃ አይወርዱም። በዚያ ቤት ውስጥ እግር የማይረግጠው አፈር የእኔ የካክተስ መትከያ ብቻ ነበር። ሦስት ሳሉ ለሦስቱ ያካፍሉ ነበር፣ ሁለት ሲሆኑ ለሁለቱ፣ አሁን ለአንዱ ሙሉውን። እኔ ደግሞ የጣሪያ ሠራተኛ አስጠርቻለሁ።

ባለቤቴን "ንገራቸው" አልኩት። ሳቀ።

"እናቴን ጠበል አታፍስሺ ልበላት? በጾም?"

"ታዲያ ማን ይንገራቸው?"

"ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ" አለና የታክሲውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። ወንድ ልጅና እናቱ እንዲህ ናቸው።

ዝም ማለት አላውቅበትም። ወጥ ቤት ገብቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። "እማማ፣ ያ ተክል ውሃ አይነካውም ብዬ አልነበር?"

"ውሃ ማን ሰጠው?"

"ጠዋት ከኩባያው የሚያፈሱለት..."

"እሱ ጠበል ነው እንጂ ውሃ ነው እንዴ?" አሉ፣ ረጋ ብለው። ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ሁለቱን የገደላቸው ጠበል ነው ልትዪኝ ነው?"

እዚህ ላይ ቆምኩ። አዎ ብል ጠበል ገዳይ ነው ማለቴ ነው፤ በአማቴ ፊት፣ በዐቢይ ጾም። አይደለም ብል ሦስተኛውም ይበሰብሳል፣ ሴትዮዋም ባዶ እጇን ትሄዳለች። ስለ ሥርና ስለ ቁስል የማውቀው ሁሉ የትም አያደርሰኝም። እሳቸው መልስ እየጠበቁ ያዩኛል።

"ጾም ላይ ነው" አልኩ።

"ማን?"

"ተክሉ። ከተቆረጠ ጀምሮ ሥር እስኪይዝ ይጾማል። ሊቆርብ እንዳሰበ ሰው ይቁጠሩት፣ እማማ። ቆራቢ ጠበልም ቢሆን ይቀምሳል?"

"አይቀምስም" አሉ ወዲያው። ተነሥተው ሳሎን ሄደው መትከያውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ታዲያ ይሄን ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?" አሉኝ። "ለካ ሳስገድፈው የከረምኩት እኔ ነኝ።"

የዚያኑ ቀን ቁራጩን ነቀልኩት። እግሩ ላይ ቡናማው ጀምሮታል። ንጹህ ሥጋ እስካገኝ ድረስ ቆርጬ ስጥል ክንድ የማታክል ሆና ቀረች። ድኝ ነሰነስኩ፣ ጥግ አቆምኳት፣ ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ሆነ። ሜይ እየቀረበ ነው፤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ለአሮጊቷ ወርጄ ውሃው ከጣሪያ እንዳልመጣ ነገርኳት፣ ዝርዝሩን ለራሴ አስቀረሁ።

ከዚያ ጀምሮ ተክሉ ጠባቂ አገኘ። እማማ ኩባያቸውን አለቅልቀው እጣቢውንም ራሳቸው ይጠጡታል። እንግዳ መጥቶ የውሃ ብርጭቆ መስኮቱ ደፍ ላይ ካስቀመጠ፣ እንግዳ ነው ብለው አይተዉትም፤ ያስነሡታል። ደርቃ ከተከልኳት በኋላማ ማታ ከሥራ ስገባ እግዜር ይመስገን ሳይሉ ስለሷ ነው የሚነግሩኝ። ፋሲካ ደረሰ፣ ዶሮው ተሠራ፣ ቤቱ በሰው ሞላ። እማማ ሁሉም ሲበላ እያዩ ወደ መስኮቱ ዞር አሉና "እኛ ፈሰክን፣ እሱ አሁንም ይጾማል" አሉ። "መነኩሴ ነው እንጂ ይሄ ተክል አይደለም።" እንግዶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

እማማ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ አሮጊቷም አማርኛ አታውቅም። አንድ እሑድ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ከእማማ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከአሮጊቷ ጋር ደረጃው ሥር ተገናኘን። እማማ ወደ መስኮቱ አመለከቱ፣ ከንፈራቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምን እያለችኝ ነው?" አለች አሮጊቷ።

"ተክልሽ እየጾመ ነው፣ ሥር እስኪይዝ ምንም አይቀምስም ነው የሚሉሽ።"

አሮጊቷም የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። ቆም ብላ አሰበችበት። "ከነገ ጀምሮ እመጣለሁ" አለች። በማግሥቱ እውነትም ወጣች፤ እማማ ከወጥ ቤት ሁለተኛ ወንበር እየጎተቱ አመጡላት። ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ቤት ስውል ሁለቱ አሮጊቶች መስኮቱ ሥር፣ ክንድ በማታክል ካክተስ ፊት፣ አንዳች ሳይነጋገሩ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልክድም።

የጭነት መኪናው የመጣው ሰኞ ቀን ነው። ልጇ ከጠዋት ጀምሮ ዕቃ ሲያወጣ ዋለ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ቸኩሏል እንጂ። አሮጊቷ ለመጨረሻ ጊዜ ደረጃውን ወጣች፣ በየመሃሉ እያረፈች።

እኔ ያችን ቁራጭ እስከዚያ ቀን ድረስ አልሞከርኳትም። ሥር መያዙ የሚታወቀው ቀስ አድርጎ ወደ ላይ በመሳብ ነው። ካልያዘ ዝም ብሎ ይወጣል፣ ከያዘ እምቢ ይላል። ሥራ ቦታ ስንቱን ሳላስብ ስስብ እውላለሁ። ቤቴ ያለውን ግን ፈራሁ። ነገ እሞክረዋለሁ፣ ነገ እሞክረዋለሁ እያልኩ መኪናው በር ላይ ቆመ።

"ይዟል?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"እንዴት ነው የሚታወቀው?"

ነገርኳት። ልሞክርልሽ አላልኳትም፤ ብልም የምትሰጠኝ አይመስለኝም። ጋዜጣ አጥፋ በእሾሁ ላይ ጠመጠመች፣ በሁለት እጇ ያዘችው፣ ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። እማማ የወንበራቸው ጫፍ ላይ ናቸው። ካክተሱ እምቢ አለ። እንደገና ሳብ አደረገችው። አሁንም እምቢ አለ፣ ሥሩ ያለው አፈር ብቻ ትንሽ ተነቃነቀ።

ጋዜጣውን ለቀቀችና ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች፣ ገና አሁን ደረጃውን እንደጨረሰ ሰው።

"ያዘ?" አሉኝ እማማ።

"ያዘ።"

"ጾሙን ፈታ ማለት ነው?"

"ፈታ፣ እማማ። አሁን ይፈቀድለታል።"

ጉልበታቸውን ረስተው ተነሡ። ከጀሪካኑ ኩባያውን ሞልተው፣ እንዳይፈስ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና ለአሮጊቷ አቀበሏት፤ በገዛ እጇ እንድታጠጣው ነው። በአገጫቸውም ወደ ተክሉ አመለከቷት። አሮጊቷ ኩባያውን አየች፣ እማማን አየች። "ታንክ ዩ" አለችና አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ልናገር አፌን ስከፍት እማማ ክንዴን ያዙኝ።

"ተያት" አሉ። "ከሱ ይልቅ እሷን ጠምቷታል።"

ከታች ልጇ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። መትከያውን ይዤላት ወረድኩና ጋቢና ስትገባ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ውሃ በሚመጣው ሳምንት ስጪው፣ ትንሽ ብቻ አልኳት። ካክተሱ ሳይጠጣ ሳን ሆዜ ገባ።